«ፕሮፌሽናል ካሜራ አይቻልም»

ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ በየበሩ ለምትቆሙ ጥበቃዎች፣ ከሰፈር ለተነሳችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ካሜራ ስታዩ ደማችሁ ለሚፈላ ሁሉ

ጉዳዩ፦ አንድ ግድግዳና አንድ ወረቀት ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ?

እኛ እሁድ ጠዋት ካሜራ አንጠልጥለን ሰፈር ለሰፈር የምንዞረው ሰዎች ነን። ሳታዩን አትቀሩም። አንዱ ተንበርክኮ የዝናብ ኩሬ ያነሳል። ሌላዋ ፀሐይ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ እስክታርፍ ሃያ ደቂቃ ቆማ ትጠብቃለች። የሚያልፈው ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ምንም አልሆንንም። የፎቶ ክበብ ነን።

ስንቆጠር 14 ነን። አስተማሪ አለን፣ ነርስ አለች፣ ታክሲ ነጂ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ገና የሚማሩ ልጆች አሉ። ዕድሜያቸው 70ን ያለፈ፣ ጉልበታቸውን ፎቶ ቤት ውስጥ የጨረሱ አንድ ጋሼም አሉን። ቢሮ የለንም። ማኅተምም የለንም። ማኅተም አለመኖር በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። በሄድንበት ሁሉ «እናንተ ማናችሁ?» እንባላለን፤ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው የሰማን ግን የለም። ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ።

የምንገናኘው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «በሌሊት ምን አስነሳችሁ?» ላለን መልሱ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቸኩላ ነው የምትወጣው። ያ ወርቃማ የሚባለው ብርሃን ሰነበተ ቢባል አንድ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ ከአናት ላይ ይወርዳል። ያኔ ኮፍያ ያደረገ ሰው ብታነሱ ዓይኑ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫው ብቻውን ያበራል። ስለዚህ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እናነሳለን፣ ከዚያ አንዱ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ አዝዘን እንጣላለን።

እንጣላለን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶ ያቀርባል። ደንቡ አንድ ነው። ሌላው ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ባለፎቶው አፉን አይከፍትም። «እንዲህ ማለቴ እኮ ነው» ብሎ ማስረዳት የለም። ሰው የራሱ ፎቶ ፊቱ ተዘርግቶ ሲተች ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ያልሞከረው አያውቅም። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያ ቀን እኔ ያቀረብኩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀመጡ፣ ፊታቸው የተሸበሸበ፣ እጃቸውን የዘረጉ። ጥቁርና ነጭ አድርጌዋለሁ። በልቤ ሽልማት ሁሉ ተቀብያለሁ። ሁሉም አይቶ ዝም አለ። ነርሷ ብቻ «ስማቸው ማን ነው?» አለችኝ። አልጠየቅኳቸውም ነበር። «የት ነው የሚያድሩት?» አላውቅም። «እሺ፣ ቀጣይ» አለችና ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፉ። ሁለት ሳምንት አኩርፌ ቀረሁ። በሦስተኛው እሁድ ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው፣ ስማቸውን ጠየቅኩ፣ ሻይ ጠጣን። ሁለተኛውን ፎቶ አላነሳሁም። ከዚያ ወዲህ አንድም እሁድ ቀርቼ አላውቅም።

ሌላ ማንም ያላስተማረኝን አንድ ነገር ደግሞ ስለ ነጠላ ተማርኩ። ጥምቀት ሲሆን ጃንሜዳ ሄዶ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ግን ከሰል ይሆናል። እኔ ካሜራዬ ተበላሽቶ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። ካሜራ ሞኝ ነው፣ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ራሱን ይጨፍናል አሉኝ። መለካት ያለብህ ከፊት ነው፣ ነጠላው እንደፈለገ ይሁን። እሳቸው ይህን የተማሩት በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን፣ ሙሽራ ነጭ ለብሳ ስትመጣ ነው። ሙሽራዋ ፊቷ ጠቁሮ ከወጣ ባለፎቶ ቤቱ ሂሳቡን አያገኝም። ትምህርቱ ውድ ነበር ማለት ነው።

እቁብም አለን። በወር አንድ አንድ ሺህ ብር እንጥላለን። የደረሰው ሰው ለፎቶ የሚሆን ዕቃ ይገዛበታል ተባብለናል። አንዱ አባላችን ፋሲካ ሲደርስ ደረሰውና በግ ገዛበት። ይቅር ብለነዋል፣ በጉን አብረን በልተናል። በእቁቡ ብር ከተገዙት ሁሉ የምንወደው «ሃምሳው» የምንለው ሌንስ ነው። ሃምሳ ሚሊሜትር፣ ቀላል፣ በጨለማም የሚያይ። በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እንደ ማኅበር ጽዋ። ክረምት ላይ ውስጡ ሻጋታ እንዳይገባበት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከሩዝ ጋር የሚያሳድሩት የነርሷ እናት ናቸው። ፎቶ አንስተው አያውቁም። ሌንሱ ሲዘገይባቸው ግን ስልክ ይደውላሉ።

እንግዲህ እኛ ይህን ነን። አሁን ወደ ሆድ ቁርጠታችን ልግባ።

«ፕሮፌሽናል ካሜራ አይቻልም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት በር ላይ እንደሰማናት ብቆጥር ደብዳቤው አይበቃም። መናፈሻ በር ላይ ሰምተናታል። ሕንፃ ሥር ሰምተናታል። ማንም ባለቤት የሌለው የሚመስል አስፋልት ላይም ሰምተናታል። ያልገባን ነገር ቢኖር ፕሮፌሽናሉ ካሜራው ነው ወይስ ሰውዬው? የእኔ ካሜራ አሥር ዓመት አልፎታል፣ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። እኔን ከበር መልሶ የሚያስገባው ልጅ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከእኔ ካሜራ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ፒክስል አለው። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገድ በስልኩ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስንና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል። በስልክ። ታዲያ የሚፈራው ነገር ፎቶ ከሆነ፣ ፎቶው በስልክም እየወጣ ነው። ከበር የሚመለሰው አንገት ላይ የተንጠለጠለ ማንገቻ ነው።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም፣ ጥበቃውም ሥራውን ነው የሠራው።

ጋሼ አንድ ዜኒት አላቸው። የሩሲያ ካሜራ ነው፣ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ዕቃ። ብረት ነው፣ ቢወድቅ መሬቱ ነው የሚጎዳው። ባትሪ የሚባል አያውቅም። የሚሠራው በፊልም ነው፣ 36 ፎቶ ከዚያ በቃ። እሳቸው አንድ አጥር ሥር የተቀመጠች ጀበና ሻጭ እያስፈቀዱ ሳለ ጥበቃው ከበሩ ተነሥቶ መጣ።

«አባባ፣ ያነሱትን ያጥፉ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ፎቶውን ነዋ። ዲሊት ያድርጉ።»

ጋሼ ካሜራውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩት። ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ስክሪን የለም። ጥበቃው በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፣ እንዲበራ። አልበራም። ፊቱ ላይ ጥርጣሬው ሲጨምር በዓይናችን እያየነው ነው። «የት ነው የደበቁት?» አለ። ጋሼ ሳይቆጡ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ፊልም ውስጥ እንዳለ፣ መታጠብ እንዳለበት፣ አሁን ቢከፈት ሁሉም እንደሚቃጠል ነገሩት። «ይቃጠላል» የሚለው ቃል ባይገባበት ጥሩ ነበር። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ጥሩው ብርሃን አለፈ፣ ማኪያቶውም አለፈ፣ ነርሷ ተረኛ ስለነበረች ትታን ሄደች። መጨረሻ ላይ አንድ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ መርማሪ ወጡ። ካሜራውን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «ዜኒት!» አሉ። ወታደር እያሉ ጓደኛቸው ነበረው። ቀና አድርገው በቀዳዳው አዩ፣ ቀጭ አደረጉና መለሱልን። ያቺ 22ኛዋ ፎቶ እሳቸው ያነሷት ናት፣ የጣቢያው ጣሪያ ሳትሆን አትቀርም። «ሂዱ፣ ግን እዚያ ጋ አታንሱ» አሉን። «ለምን?» አልናቸው። «እኔም አላውቅም። ክልክል ነው ይላሉ» አሉ።

የዚህ ደብዳቤ መነሻ ያቺ «ይላሉ» ናት። ማን ነው የሚለው? የት ተጽፎ?

አይምሰላችሁ፣ ሁሉን ካላነሳን ብለን አይደለም። የጦር ካምፕ አናነሳም፣ ቤተ መንግሥት በር ላይ ካሜራ አንደቅንም። ይህን ማንም ሰው ያውቃል። ሰው ሲሆንም ሕግ እንዳለ እናውቃለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። ቁጥር 28 ደግሞ ይህን ያላላዋል። ሰውዬው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹም ሲሆን፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ሲፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በሕዝብ ፊት የተደረገ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው፣ ተነባቢ ነው፣ ሁለት አንቀጽ ነው። የሕግ ተማሪዋ አባላችን በእጇ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። አንድ በር ላይ አውጥታ አነበበችላቸው። «እሱ የፍርድ ቤት ነው» ተባለች።

የሰዉን ቁጣ ግን እረዳዋለሁ። መርካቶ ውስጥ አንዲት በርበሬ ሻጭ ካሜራዬን አይታ «ድህነታችንን ልትሸጥ ነው?» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም። በ1977 የድርቁ ዘመን ዓለም ያወቀን በካሜራ ነው። ያ ፎቶ እርዳታ አመጣ፣ ሕይወትም አተረፈ፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ስም የሌላቸውና የተራቡ ፊቶች ለዓመታት የእኛ መታወቂያ ሆነው ቀሩ። ሴትዮዋ ያኔ ልጅ ብትሆን ነው። ቁጣው ግን እሷ ጋ ደርሷል። ስለዚህ በክበባችን ሰው ለማንሳት ማስፈቀድ ግዴታ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ፎቶውንም አሳጥበን እንወስድላቸዋለን። ለበርበሬ ሻጯ አንድ ቀን ሳላነሳት ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ሄድኩ። አሁን ሰላምታ አለን። ፎቶ ገና የለንም።

አሁን ወደ ግድግዳው።

መጋቢት 2016 ላይ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ቤቶቹ ሲፈርሱ እኛ እዚያ ሰፈር ስንዞር ዓመታት አልፈው ነበር። ለታሪክ ብለን አልነበረም። ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትገባ የተላጠ ጭቃ ግድግዳ ሁሉ ይናገራል። በዚያ ምክንያት በየኮምፒውተራችን ላይ የብዙ ሰው በር፣ መስኮት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የቧንቧ ተራ አለ። መፍረሱ ትክክል ነበር አልነበረም ብዬ እዚህ አልከራከርም። ውስጣችንም አልተስማማንም። አንዱ አባላችን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ «ሽንት ቤቱን ለስንት አባወራ እንደምንጋራው ባነሳችሁ ኖሮ» ይለናል። ልክ ነው። አላነሳነውም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እትዬ ፈልገው መጡብን። በር ላይ እንጀራ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው ናት የነገረቻቸው፣ «የበርሽን ፎቶ ያነሱ ሰዎች አሉ» ብላ። አሁን የሚኖሩት ከተማው ዳር ነው፣ ሦስት ታክሲ ቀይረው ነው የደረሱት። አስተማሪው አባላችን በ2014 ያነሳት አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነበረች፣ ከፊቷ ድመት የተኛችበት። 20 በ30 አሳጥበን ጠበቅናቸው።

ፎቶውን ተቀብለው በሩን አላዩትም። ጣታቸውን ከበሩ አጠገብ ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፉ። እኛ ድንጋይ መኖሩንም አላስተዋልን። «ይቺን ያመጣት እሱ ነው» አሉ። ባለቤታቸውን ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። «ከወንዝ ተሸክሞ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው እዚች ላይ ነበር። ሲፈርስ ይዣት ልሄድ አስቤ መኪናው ቸኮለብኝ።» ዝም አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙና አስተማሪውን ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ የድመቷን ጅራት ቆረጥካት?»

እውነት ነው፣ ቆርጧታል። ፍሬሙ ውስጥ አልገባችም። ያኔ በ2014 ጠረጴዛው ላይ ስናየው ሁላችንም ያልነው ይህንኑ ነበር፣ እሱ ግን «ሆን ብዬ ነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ ደንቡን ጥሶ። በእትዬ ፊት አልተከራከረም።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። አንድ ሰው የሱቁን ታፔላ ይፈልጋል። አንዷ ልጅ እናቷ ቆመው የሚያወሩበትን ጥግ ትፈልጋለች፣ እናቷን ሳይሆን ጥጉን። እኛ ግን 14 ሰዎች ነን፣ ፎቶው በየቤታችን ተበትኗል። ኬክ ቤቱም አንድ ጠረጴዛ ነው የሚሰጠን።

ወረዳው ግቢ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ጎን፣ አንድ ረጅም ግድግዳ አለ። ነጭ ተቀብቷል። ላዩ ላይ ያለፈው ዓመት የስብሰባ ባነር ብቻ ነው የቀረው። የምንጠይቀው እሱን ነው፣ በወር አንድ እሁድ። ሚስማሩን እኛ እናመጣለን፣ ስንጨርስ ቀዳዳውን እንደፍናለን። ሰው መጥቶ በሩን ይፈልጋል፣ ያገኘ ይወስዳል። ገንዘብ አንጠይቅም፣ ሪባን ለመቁረጥም አናስቸግርም።

ባነር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ የነርሷን የጥምቀት ፎቶ ከፌስቡክ አውርዶ ሁለት ሜትር ባነር ላይ አትሞታል። ስሟ ከታች ጥግ ላይ ነበር፣ እሱን ቆርጠው ነው ያተሙት። እሷ ታክሲ ውስጥ ሆና ነው ያየችው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 አለ፣ የሠሪው ስም መጠራት አለበት ይላል። ወደ ክስ አልሄደችም። «ቢያንስ ነጠላው አልተቃጠለም» አለች፣ ብርሃን በዝቶበት አልነጣም ማለቷ ነው። እኛ ግን ከእሷ በላይ ተናደናል፣ ያቺን ፎቶ ለማንሳት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ቆማለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ወረቀቱ ነው። በወረዳችን ክልል የት ማንሳት እንደማይቻል አንድ ገጽ ላይ ይጻፍልን። ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም ግድ የለም። ይህ ሕንፃ፣ ያ አጥር፣ እዚህ ጋ ትራይፖድ አይቆምም፣ ይባል። ማኅተም ይደረግበት። ኮፒው ለእኛም ለጥበቃዎቹም ይሰጥ። ጥበቃውም በጭንቀት ነው የሚከለክለን፤ ማንም «ፍቀድ» ብሎ አላዘዘውም፣ የፈቀደ ቀን ደግሞ ተጠያቂው እሱ ነው። ዝናብ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ከሚከራከር ወረቀቱን አይቶ ቢያሳልፈን ለእሱም እረፍት ነው።

«ለፎቶ ይህን ያህል?» የሚል ይኖራል። ጋሼ አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ። አርመኑ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ከምኒልክ ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን አነሱ፤ ስለዚህ ንጉሡ ምን ለብሰው እንደነበር እናውቃለን። ያንኑ ቀን ዶሮ ማነቂያ የነበረ ሰው ምን ለብሶ እንደነበር ግን ማን ያውቃል? ጋሼ ራሳቸው ፎቶ ቤት ሳሉ ያነሱት ብዙ ሺህ ጉርድ ፎቶ ነው። ኔጌቲቩን ቤቱ ሲዘጋ ጥለውታል። አሁን ሲያወሩት ድምፃቸው ይቀንሳል።

መልስ ካላችሁ እሁድ ጠዋት አታጡንም። የቀድሞ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የሰፈራችሁን ስምና የበራችሁን ቀለም ነግራችሁን ብትሄዱ እንፈልጋለን። ቀለሙን ንገሩን፣ ቁጥሩን አናውቀውም።

ከሰላምታ ጋር፣
ከ14ቱ አንዱ

አባሪ፦ 1 ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ። የዜኒቱ ፊልም ታጥቦ ወጥቷል። 21ኛው ላይ ያለው ወደ ሌንሱ የተዘረጋ የጥበቃው መዳፍ ነው፣ የሸሚዙ እጅጌና የሰዓቱ ማሰሪያ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከኋላው ያለው ሕንፃ ብዥ ብሏል፣ ምንነቱ አይለይም። ጋሼ ከተነሱት ሁሉ ይሄ ነው ጥሩው ይላሉ። ልንሰጠው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄደን ነበር፣ ተቀይሯል አሉን። በእናንተ በኩል ይድረሰው።